«ሃይ ሪስክ ነሽ» ተብያለሁ፤ ዮጋ መሥራት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ 24 ሳምንት ሞልቶኛል። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ በ34ኛው ሳምንት ግፊቴ ጨምሮ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ሕመም) ነው ተባልኩ፤ በኦፕሬሽን ነው የወለድኩት። አሁን አስፒሪን እየወሰድኩ ነው፤ ግፊቴም እስካሁን ደህና ነው። በ20 ሳምንቱ አልትራሳውንድ ግን እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ ከማህፀን በር 1.5 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ ተነገረኝ። ደም አላየሁም። ሐኪሜ «ሃይ ሪስክ ስለሆንሽ ተጠንቀቂ» ብሎኛል፤ እርግዝናዬ ከፍ ያለ ስጋት አለው ማለቱ ነው። ከማርገዜ በፊት ዮጋ እሠራ ነበር። አሁን ወገቤን ያመኛል፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል፤ ዮጋው ናፍቆኛል። እናቴ ከአልጋ እንዳልወርድ ትፈልጋለች። ጓደኛዬ ደግሞ የነፍሰ ጡር ዮጋ ቪዲዮ ትልክልኛለች። ማንን ልስማ? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ በሰላም ያገላግልሽ። ሁሉንም በዝርዝር ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ብዙ እናቶች «ሃይ ሪስክ ነኝ፣ ዮጋ ይቻላል?» ብለው ብቻ ይጠይቃሉ። በዚያ ብቻ መልስ መስጠት ይከብዳል። አንቺ ግን ሳምንቱንም፣ የግፊቱን ታሪክም፣ የእንግዴ ልጁን ርቀትም ነግረሽኛል። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ አብዛኛው ሥራዬ ከነፍሰ ጡሮችና ከአራሶች ጋር ነው። የምነግርሽ ከዚያ ተነስቼ ነው። የመጨረሻውን ፈቃድ የሚሰጥሽ ክትትል የሚያደርግልሽ ሐኪም ነው።

መልሴን ላስቀድም። ከአልጋ አትውረጂ የሚለውን አልደግፍም። የጓደኛሽን ቪዲዮም እንዳለ አትሥሪው። ለአንቺ የሚሆን ዮጋ አለ፤ ግን ድሮ ከምትሠሪው በጣም ያነሰ፣ ረጋ ያለ፣ ትራስ የበዛበት ነው። እሱንም የምትጀምሪው ሐኪምሽ እንግዴ ልጁን አስቦ «ጀምሪ» ካለሽ በኋላ ነው። በየቀኑ ደግሞ ግፊትሽ ስንት እንደሆነ አይተሽ ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። ሃይ ሪስክ ተብለው ክትትል የሚያደርጉ እናቶች ችግራቸው አንድ አይደለም። መንታ ያረገዘች፣ ልቧን የሚያማት፣ ስኳር ያለባት፣ የማህፀን በሯ ያለጊዜው የሚከፈትባት፣ ዕድሜዋ 35 ያለፈ፣ ሁሉም እዚያው መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። የእርግዝና ስኳር ያለባት እናት ምግብ በልታ ብትራመድ ስኳሯ ይወርዳል፤ እንቅስቃሴ የሕክምናዋ አንድ ክፍል ነው። የሽርት ውሃ የፈሰሳት እናት ግን ምንም ዓይነት ስፖርት ልትሠራ አይገባም። ሁለቱም ሃይ ሪስክ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው «ሃይ ሪስክ ነኝ ወይ?» ሳይሆን «ስጋቴ ምኑ ላይ ነው?» መሆን አለበት።

የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2020 ባወጣው ምክር፣ እርግዝናዋ ጤናማ የሆነ ሴት በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል መካከለኛ እንቅስቃሴ ብታደርግ ጥሩ ነው ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት ያወጣው መመሪያም ይህንኑ ቁጥር ነው የሚጠቅሰው። ግን የሚከለከሉም አሉ። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ያለጊዜው ምጥ ከጀመረ፣ ደም መፍሰስ ካላቆመ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ ከያዘ፣ የማህፀን በር ከላላ ወይም እንዳይከፈት በክር ከተሰፋ፣ ከባድ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለ፣ ደም ማነሱ ከባድ ከሆነ፣ እንቅስቃሴው ይቆማል። እንግዴ ልጁ ከ26 ሳምንት በኋላም የማህፀን በሩን ሸፍኖ ከቀረ እንዲሁ። በ2019 የወጣው የካናዳ መመሪያ ደግሞ ለእንግዴ ልጁ ድንበሩን 28 ሳምንት ላይ ያደርጋል። የፅንስ እድገት መዘግየትንና ሦስትና ከዚያ በላይ ልጅ ማርገዝንም ይጨምራል። ከእነዚህ አንዱ ያለባት እናት ይህን እያነበበች ከሆነ፣ ከታች የምጽፋቸው እንቅስቃሴዎች ለእሷ አይደሉም። የአተነፋፈሱን ክፍል ግን ሐኪሟን ጠይቃ ልትጠቀምበት ትችላለች።

አንቺስ? ዛሬ ከዝርዝሩ ውስጥ የለሽም። ባለፈው ፕሪኤክላምፕሲያ ይዞሽ ነበር ማለት አሁን ይዞሻል ማለት አይደለም። እንግዴ ልጅሽም የማህፀን በሩን አልሸፈነም። ጫፉ ከበሩ 2 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ሲቀር ነው «ዝቅ ያለ» የሚባለው። በ20 ሳምንት ዝቅ ብለው ከሚታዩት አብዛኞቹ ማህፀን እየሰፋ ሲሄድ ከበሩ ይርቃሉ። ለዚህ ነው በ32 ሳምንት አካባቢ አልትራሳውንድ የሚደገመው። ቀጠሮው ካልተያዘልሽ አሁኑኑ አሲዢ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። በኦፕሬሽን ወልደሻል፤ እንግዴ ልጅሽም ዝቅ ያለ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ፣ እንግዴ ልጁ የድሮው ጠባሳ ላይ ተቀምጦ ወደ ውስጥ ሥር እንዳይሰድ መታየት አለበት። ሁልጊዜ የሚከሰት ነገር አይደለም፤ ከተከሰተ ግን ወሊዱ ደምና ቡድን ተዘጋጅቶ በትልቅ ሆስፒታል መሆን አለበት። ሐኪምሽን «እንግዴ ልጁ ፊት ለፊት ነው ወይስ ከኋላ? ጠባሳዬን ነክቶታል?» ብለሽ ቃል በቃል ጠይቂው። ይህ ከዮጋው ሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። ያለፈውን በዓይናቸው አይተዋል፤ መፍራታቸው ይገባኛል። ነፍሰ ጡርን አልጋ ላይ አስተኝቶ መንከባከብ እኛ አገር የፍቅር መግለጫ ነው። ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን «ተኝተሽ ዋይ» እያሉ ሲያዝዙ ኖረዋል። ነገር ግን አልጋ ላይ መዋል ፕሪኤክላምፕሲያን ወይም ያለጊዜው መውለድን እንደሚከላከል ጥናቶች አላሳዩም። ጉዳቱ ግን የታወቀ ነው። እርግዝና በራሱ ደም ቶሎ እንዲረጋ ያደርጋል፤ እግር ሳይንቀሳቀስ ሲውል ስጋቱ ይጨምራል። ጡንቻ ይላላል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ቀን የተኛ ሰው ሌሊት ዓይኑ ይፈጣል። የወገብ ሕመምሽና የእንቅልፍ ማጣትሽ ከዚህ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው የአሜሪካው ኮሌጅ አልጋ ላይ መዋል በልማድ እንዳይታዘዝ የሚመክረው።

ሐኪምሽ «ተጠንቀቂ» ሲልሽም ከምን እንደምትጠነቀቂ ይንገርሽ። ደረጃ መውጣት ይቻላል? ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድስ? ረጅም መንገድ በመኪና? ግብረ ሥጋ ግንኙነት? ዕቃ ማንሳት? «ተጠንቀቂ» የሚለውን ብቻ ይዘሽ ከወጣሽ ቤት ውስጥ ሁሉም በየራሱ ይተረጉመዋል።

ስለ ዕቃ ካነሳሁ፣ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር። ዮጋ የተከለከለች እናት ጀሪካን ስታነሳ ሁሉም ዝም ነው የሚላት። ሙሉ ጀሪካን 20 ሊትር ነው፤ 20 ኪሎ ማለት ነው። ጎንበስ ብላ ሳፋ ሙሉ ልብስ ታጥባለች፤ ትልቁን ልጅ በአንድ ጎኗ ታቅፋ ደረጃ ትወጣለች። መከልከል ካለ መጀመሪያ መከልከል ያለበት ይሄ ነው። እናትሽ መርዳት ከፈለጉ ጀሪካኑን ይቀበሉሽ፤ ልጁንም ከመሬት እያነሱ ያቀብሉሽ ሳይሆን አንቺ ስትቀመጪ እሱ ራሱ አጠገብሽ ይውጣ። በዚህ በኩል ካገዙሽ በእውነት ጠበቁሽ ማለት ነው።

ዮጋ በሃይ ሪስክ እርግዝና ይጠቅማል ወይ? በቀጥታ ይህንኑ የፈተሸ ጥናት አለ። በህንድ ቤንጋሉሩ ከተማ ተሠርቶ በ2012 ታትሟል። 68 ሃይ ሪስክ ነፍሰ ጡሮች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን መደበኛ ክትትሉን አደረገ። ሌላው ከክትትሉ ጋር ለ3 ወር፣ በሳምንት 3 ጊዜ፣ አንድ አንድ ሰዓት ዮጋ ሠራ። ዮጋ የሠሩት ዘንድ የእርግዝና ደም ግፊት፣ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ የእርግዝና ስኳርና የፅንስ እድገት መዘግየት አንሶ ተገኘ። ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን 68 ሰው ትንሽ ነው፤ በዚህ ብቻ «ዮጋ ፕሪኤክላምፕሲያን ይከላከላል» ማለት አልችልም። አንቺ ዘንድ ለመከላከል በደንብ የተፈተሸው አስፒሪኑ ነው። ዮጋው ጥሩ ስሜት ሰጥቶሽ አንድም ቀን ክኒኑን እንዳትዘነጊ።

ጓደኛሽ «ነፍሰ ጡሮች ዳውን ዶግ (እጅና እግር መሬት ላይ ሆኖ ዳሌ ወደ ላይ የሚወጣበት አቋም) ሠርተው ምንም አልሆኑም» ብላሽ ይሆናል። እውነቷን ነው፤ በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አለ። 25 ነፍሰ ጡሮች ከ35ኛው እስከ 37ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ 26 ዓይነት የዮጋ አቋሞችን ሲሠሩ የእናትየዋ ግፊትና የፅንሱ የልብ ምት በመሣሪያ ተለካ። የሚያሰጋ ነገር አልታየም። ነገር ግን ሴቶቹ በሙሉ እርግዝናቸው ጤናማ ነበር። ቪዲዮው ላይ የምታስተምረዋም የምታስበው እነሱን ነው። አንቺን አታውቅሽም፤ እንግዴ ልጅሽ የት እንዳለም አላየችም።

ከድሮው ዮጋሽ የሚቀነሰው ምንድን ነው? ከግፊቱ ልጀምር። ትንፋሽ አፍኖ መያዝ አይሆንም፤ ትንፋሽ ታምቆ ሲታገል ግፊት በአንዴ ይወጣል። በፍጥነት በአፍንጫ እየተነፈሱ ሆድን የሚመቱበት ካፓላባቲ የሚባለውና እሱን የመሰሉት ይቅሩ። ጭንቅላት ከልብ በታች የሚሆንባቸው አቋሞችም ይቅሩ፤ ዳውን ዶግም እዚህ ውስጥ ነው። ጡንቻ ወጥሮ ለረጅም ጊዜ መቆየትም እንዲሁ። ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ) እና «ጦረኛ» (እግርን ከፍቶ አንድ ጉልበት አጥፎ መቆም) የሚባሉት አቋሞች እየተንቀጠቀጡ የሚቆዩባቸው ከሆኑ ለአንቺ አይሆኑም።

ለእንግዴ ልጁ ደግሞ እስከ 32ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ድረስ ቁጢጥ ብሎ ወደ ታች መጫን፣ እግርን በጣም ከፍቶ መለጠጥ፣ መዝለል፣ የሆድ ጡንቻ ማጥበቅ ይቆይ። ይህ ጥንቃቄ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ቢቀርብሽ የምታጪው ነገር የለም፤ ደም ቢመጣ ግን የሚከተለው ብዙ ነው።

የቀረው ለማንኛዋም ነፍሰ ጡር የሚነገር ነው። ከ20 ሳምንት በኋላ በጀርባ ተዘርግቶ ረጅም ጊዜ መቆየት አይመከርም፤ ማህፀን ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ፊትሽ ሲገረጣ፣ ሲያዞርሽ፣ ሲያቅለሸልሽሽ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ጎን ዙሪ። በሆድ መተኛት፣ ሆድን የሚጠመዝዝ ነገር፣ በጋለ ክፍል የሚሠራ ዮጋ ሁሉ ይቅር። ሌላው የሚዘነጋ ነገር ድሮ ከምትደርሺበት አልፈሽ መለጠጥ መቻልሽ ነው። የእርግዝና ሆርሞን ጅማትን ስለሚያላላ ሰውነት «ይቻላል» ይላል፤ ማታ ዳሌ ላይ ሕመም ይመጣል። ከምትችዪው ሰባ በመቶው ላይ ቁሚ።

አሁን ሐኪምሽ ከፈቀደልሽ የማሠራሽን ልንገርሽ። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃል፤ በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን። ቁርስ በልተሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ይሁን፤ በባዶ ሆድ አይሁን። መጀመሪያ ሽንት ቤት ግቢ። ሦስት ትራስ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ ነጠላና ከግድግዳ የተጠጋ የማይንሸራተት ወንበር ይበቃሻል። ስልክሽ አጠገብሽ ይሁን፤ ቤት ውስጥ ሰው ይኑር።

በአተነፋፈስ ጀምሪ። በግራ ጎንሽ ተኚ። አንዱን ትራስ ከራስሽ ሥር፣ ሌላውን በጉልበቶችሽ መካከል አድርጊ። ትራሱ እስከ ቁርጭምጭሚት ይድረስ፤ ጉልበት ብቻ ከፍ ብሎ እግር ወደ ታች ከተንጠለጠለ ዳሌው ይጠመዘዛል። ጋቢውን አጥፈሽ ከሆድሽ ሥር አስገቢው፤ ሆድሽ ሳይንጠለጠል ይረፍ። ቀኝ እጅሽን የታችኛው የጎድን አጥንትሽ ላይ አሳርፊ። በአፍንጫ አራት እስክትቆጥሪ አስገቢ፤ የጎድን አጥንትሽ ወደ እጅሽ ሲሰፋ ይሰማሽ። ከዚያ ስድስት እስክትቆጥሪ አውጪ። ስታወጪ ከንፈርሽን ትንሽ አሹለሽ፣ ያለ ድምፅ። በመካከል አትያዢው። በደቂቃ ስድስት ያህል ትንፋሽ ይሆናል። አምስት ደቂቃ ያህል ቆዪ። መጀመሪያ ቀን ትከሻሽ ከፍ ዝቅ ይል ይሆናል፤ መንጋጋሽም ይጠብቃል። ጥርስሽን አላቅቂ፤ ምላስሽን ከላንቃሽ አውርጂ። ብዙ ጊዜ መንጋጋ ሲላላ ትከሻውም፣ ዳሌውም ተከትሎ ይላላል። ይህን አንዱን ብቻ ብትሠሪና ሌላውን ብትተዪ እንኳ አልከፋም፤ እንቅልፍ ሲያሻሽል የማየው እሱን ነው።

ከዚያ ለወገብ። አልጋው ጎን ተንበርከኪ፤ ከጉልበትሽ ሥር ጋቢ አድርጊ። ክንዶችሽን አልጋው ላይ አሳርፊ፤ ግንባርሽ ትራስ ላይ ይረፍ። እንዲህ ሲሆን ጭንቅላትሽ ከልብሽ አይወርድም። ትንፋሽ ስታወጪ ወገብሽን ቀስ ብለሽ ወደ ላይ አጉብጪ፤ ስታስገቢ ወደ ቀጥታው ተመለሺ። ሆድሽን ወደ መሬት አትልቀቂው፤ ቀጥታው ላይ ይቁም። ስምንት ወይም አሥር ጊዜ። ቀጥሎ ዳሌሽን በቀስታ በክብ አዙሪ፤ በዚህም በዚያም። እዚያው ተንበርክከሽ ለመቆየት ከጣመሽ ትንሽ ቆዪ።

ስትነሺ በወንበሩ ተደግፈሽ ተነሺ። በአንዴ ብድግ አትበዪ። ወንበሩ ላይ ተቀመጪ፤ ሁለቱም እግሮችሽ መሬት ይንኩ። ነጠላውን በሁለት እጅሽ ጫፍና ጫፍ ይዘሽ ከደረትሽ ፊት ወጠር አድርጊው፤ ትንፋሽ ስታስገቢ ክንዶችሽን ወደ ጎን ክፈቺ፤ ስታወጪ መልሺ። ደረት ሲከፈት ከላይኛው ጀርባ ላይ የሚሰማው ጭነት ይቀላል። እጅሽን ከራስ በላይ አንስተሽ ብዙ አትቆዪ።

ከዚያ ከወንበሩ ኋላ ቁሚ፤ መደገፊያውን ያዢ። ተረከዝሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ፤ አሥራ አምስት ጊዜ። ይህ ለባትሽ ነው። ባት ሲንቀሳቀስ ደሙ ከእግር ወደ ላይ ይመለሳል፤ እብጠቱም የመርጋት ስጋቱም ይቀንሳል። አልጋ ላይ ላለች እናትም ተኝታ ቁርጭምጭሚቷን በማንቀሳቀስ መሥራት የምትችለው ይህንኑ ነው። መጨረሻ ላይ እንደ መጀመሪያው በግራ ጎንሽ ተኝተሽ እረፊ። ድሮ በጀርባሽ ተኝተሽ ታደርጊው የነበረውን ሻቫሳና (የዮጋ ማብቂያ እረፍት) አሁን በጎንሽ ታደርጊዋለሽ። ማታም ከ28 ሳምንት በኋላ በጎን መተኛት ነው የሚመከረው፤ በእንቅልፍ ልብሽ በጀርባሽ ተኝተሽ ብትነቂ አትደንግጪ፤ ዞረሽ ተኚ።

ግፊት መለኪያ ከሌለሽና አቅም ካለሽ ግዢ፤ በክንድ ላይ የሚታሰረውን ምረጪ። ከዮጋው በፊት ቡና ሳትጠጪ፣ ጀርባሽን ደግፈሽ፣ እግርሽን ሳታነባብሪ አምስት ደቂቃ ተቀምጠሽ ለኪ። ላይኛው 140 ወይም ታችኛው 90 ከደረሰ በዚያ ቀን ዮጋ የለም። አሥራ አምስት ደቂቃ አርፈሽ ድገሚው፤ ካልወረደ ዛሬውኑ ሐኪምሽን አግኚ። ላይኛው 160 ወይም ታችኛው 110 ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። «ጠዋት እስኪሆን» አይባልም። ቁጥሩ ደህና ሆኖ እንኳ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ማለት፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ የፊት በድንገት ማበጥ ካለ ሂጂ። አንቺ እነዚህን ካለፈው ታውቂያቸዋለሽ፤ ባልሽም እናትሽም ይወቋቸው።

ደም ካየሽ፣ ጠብታም ቢሆን፣ ሕመም ባይኖረውም፣ ሆስፒታል ሂጂ። እንደደረስሽ ማንም በእጁ ከመመርመሩ በፊት «እንግዴ ልጄ ዝቅ ያለ ነው፤ መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ይታይ» በይ። የአልትራሳውንድ ወረቀትሽን ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ዙሪ። ውሃ ከፈሰሰሽ፣ ሆድሽ በየተወሰነ ደቂቃ እየጠነከረ ከለቀቀሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ አንድ ባትሽ ብቻ ካበጠና ካመመሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከለመድሽው ከቀነሰ እንዲሁ አትቆዪ።

ከአስተማሪ ጋር መሥራት ከፈለግሽ የተሻለው ለብቻሽ ወይም ከሁለት ከሦስት ሰው ጋር ነው። ከመጀመርሽ በፊት ሁለቱንም ስጋትሽን ንገሪያት። «ችግር የለውም፣ ዮጋ ለሁሉም ነው» ካለችሽ ሌላ ፈልጊ። «ሐኪምሽ ምን አለ?» ብላ የምትጠይቅሽ ትሻላለች። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ዮጋ አሊያንስ የሚባለው የዮጋ ማኅበር ለነፍሰ ጡር ዮጋ አስተማሪዎች ያስቀመጠው የ85 ሰዓት ሥልጠና አለ፤ ያ መነሻ ነው እንጂ ሃይ ሪስክ እርግዝናን ያውቃሉ ማለት አይደለም። በእጅ ገፍቶ ማስተካከልን ደግሞ ከመጀመሪያው «አይሆንም» በይ። ሆድ መታሸትም እንዲሁ፤ ወገብ ለማሳረፍ ተብሎ ሆድሽን ማንም እንዳይነካው።

እናትሽ በሃይማኖት በኩል ቅር ይላቸው እንደሆነ አልጻፍሽም፤ ብዙ ቤት የሚነሳ ስለሆነ ግን አንድ ቃል ልበል። ከላይ የጻፍኩት ትንፋሽና የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ማንትራ (በዮጋ እየደጋገሙ የሚሉት ቃል) የለበትም፤ በልብሽ የራስሽን ጸሎት ማድረስ ትችያለሽ። ጾምን በተመለከተ ሐኪምሽንና የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ከወደቁ የሚነሱበት ተደጋጋሚ ስግደት ግን በዚህ እርግዝና ይቆይሽ።

የ32ኛው ሳምንት ውጤት ሲመጣ ሁለት መንገድ አለ። እንግዴ ልጁ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከራቀና ግፊትሽ ደህና ከሆነ፣ በሐኪምሽ ፈቃድ የእግር ጉዞውን ማስረዘም፣ ግድግዳ ተደግፎ ጉልበትን ትንሽ ማጠፍ፣ ዳሌን ቀስ ብሎ መክፈት ይጨመራል። ካልራቀ የቆሙትንና የተንበረከኩትን ትተሽ በጎን የሚሠራውን አተነፋፈስ፣ የትከሻና የቁርጭምጭሚቱን ብቻ ታስቀሪያለሽ። ወሊድሽ በኦፕሬሽን ከሆነም አተነፋፈሱ ይጠቅምሻል። ወገብሽ ላይ የማደንዘዣ መርፌ ሲሰጡሽ ጎንበስ ብለሽ፣ ትከሻሽን ለቀሽ፣ ሳትንቀሳቀሺ መቆየት አለብሽ። መንጋጋን አላልቶ ረጅም ትንፋሽ ማውጣት እዚያ ላይ በደንብ ይሠራል።

ከወለድሽ በኋላ የግፊት መለኪያውን ቁም ሳጥን ውስጥ አትክተቺው። ፕሪኤክላምፕሲያ ከወሊድ በኋላም ይመጣል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አልፎ አልፎም እስከ 6ኛው ሳምንት። አራስ ቤት ሳለሽ የሚመጣ ኃይለኛ ራስ ምታትን «እንቅልፍ ማጣት ነው» ብለሽ አትለፊው፤ ለኪ። አተነፋፈሱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ መቀጠል ትችያለሽ። ወደ ሌላው ዮጋ የምትመለሺው ግን ከ6 ሳምንት በኋላ ቁስሉ ታይቶ፣ ግፊትሽም ተለክቶ ነው።